ራስጌ የተመኘ የገና ዱላ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጠጋ በሉ፤ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሲያዛጋ እንጂ ሲሰማ አይቼ አላውቅም። እኔ «ከዕለታት አንድ ቀን» ስል እናንተ «ምን ሆነ?» ትሉኛላችሁ። ካላላችሁ ለራሴው ነግሬው እተኛለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን።

እሺ፣ ሰማሁ። እንግዲህ እንጨት አፍ በነበረበት፣ መሬትም ሲጠይቁት መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ገደል ላይ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። ከገደሉ አፋፍ የሚያድሩት «የላይኞቹ»፣ ከገደሉ ሥር የሚያድሩት «የታችኞቹ» ይባላሉ። ሁለቱ ወገኖች በዓመት አንድ ቀን፣ በገና ዕለት፣ አፋፉ ላይ ወዳለው ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወታሉ። ዝንጀሮ ገናን ከሰው ሰረቀ የሚሉ አሉ። ዝንጀሮዎቹን ብትጠይቋቸው ደግሞ የሰረቀን ሰው ነው ይላሉ። እኔ በሁለቱ ሙግት የለሁበትም።

ጨዋታው ያው የምታውቁት ነው። ሁሉም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይይዛል። ጥንግ የምትባል የእንጨት ድቡልቡል መሀል ሜዳ ትጣላለች። እሷን እየመቱ ከተጋጣሚ ድንበር ማሳለፍ ነው። ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ይሳደባል፤ የተሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ይሰደባል፤ በዚያ ስድብ የተቆጣ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነውረኛ ነው።

ከላይኞቹ መሀል አያ ገመሬ የሚባል፣ ደረቱ የቀላ፣ ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ ሽማግሌ ነበር። አያ ገመሬ አንድ ዱላ ነበረው። ከወይራ የተቆረጠ፣ መለሎ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ግንባሩ ስስ፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልተፈጠረበት ዱላ ነው። ስሙንም ምላጭ ብለውታል። ምላጭ ጥንጓን መሀል ለመሀል ሲያገኛት ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ጥንጓ ብቻ ሽው ብላ ትሄዳለች። ያን ጊዜ የላይኞቹ ሴቶች እልል ይላሉ፣ የታችኞቹ ወንዶች አንገታቸውን ይደፋሉ። ምላጭም ከጨዋታ ሲመለስ ዋሻው ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ከአያ ገመሬ ራስጌ ካለው ችካል ይሰቀላል። ቁልቁል የዋሻውን ሰው ሁሉ እያየ ይኮራ ነበር። ይኩራ፣ ሥራውን የሠራ ቢኮራ ነውር የለውም።

እርጅና ግን መጣች። የአያ ገመሬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥንጓን ሊመታ ሲወነጭፍ ከጥንጓ በፊት መሬቱን ያገኘዋል። ምላጭ ስስ ስለሆነ መሬት ሲያገኝ ዘልቆ ይገባል። አፈር ይዛቃል፣ ሣር ይነቀላል፣ ጥንጓ እዚያው ቁጭ ብላ ትቀራለች። ባለፈው ገና ይህ ስለሆነ የላይኞቹ ተሸነፉ፤ ዓመቱንም ሲሰደቡ ከረሙ።

ስለዚህ አያ ገመሬ ወደ አስታው ጫካ ሄደ። የአስታ ዛፍ ሥር ጉጥ አለው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ቆፍሮ አወጣው፣ በፋስ ጠረበው፣ በስል ድንጋይ ፋቀው። ከዚያ ውስጥ የወጣችው ዱላ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቆንጆ አልነበረችም። ራሷ ሰፊ፣ ሆዷ ክብና ደንዳና፣ ግንባሯ የተደፈጠጠ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ደፍጣጢት አላት። እሷም ሲጠሯት አቤት አለች።

አያ ገመሬ ደፍጣጢትን ወደ ዋሻው ይዞ ገባ። ቅቤ ቀባት። ከዚያም ምላጭን ከራስጌው ችካል አወረደና እሷን እዚያ ሰቀላት። ምላጭን ወስዶ ከግርጌ ካለው ስንጥቅ ውስጥ ሻጠው።

ምላጭ መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለው። አሁን ይመልሰኛል አለ። ጠበቀ፣ አልመለሰውም። በማግሥቱ አያ ገመሬ ተነስቶ ደፍጣጢትን አወረደና እንደገና ቅቤ ቀባት፤ መልሶም ራስጌ ሰቀላት። ምላጭን ዞር ብሎም አላየው። ያን ጊዜ ምላጭ ቆሽቱ አረረ። ቅናት እንዲህ ናት፤ መጀመሪያ ትቆረቁራለች፣ ኋላ ትበላለች። «ወይ ወደ ራስጌ እመለሳለሁ፣ ወይ እሳት ይብላኝ» ብሎ ማለ።

«ጋሼ ምላጭ፣ ደህና አደሩ?» አለች ደፍጣጢት ከላይ ሆና። አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

«ከራስጌ ሆኖ ደህና አደሩ ማለት ቀላል ነው» አላት ምላጭ።

«ኧረ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው፤ ቢቀይሩኝ በወደድኩ ነበር።»

«አሽሙር ነው?»

«አሽሙርስ አይደለም።»

«አሽሙር ነው» አለና ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ።

የራስጌው ችካል ብቻ፣ አሮጌ ስለነበረ፣ «ኧረ ይህቺ ልጅ ከበደችኝ» እያለ ያቃስት ጀመር። የሰማው የለም። የችካል ብሶት ማን ይሰማል?

ጥንጓ የምትቀመጠው ከግርጌው አጠገብ በተንጠለጠለ ስልቻ ውስጥ ነበር። ምላጭ ወደ ስልቻው ዘንበል አለ።

«ስሚ ጥንግ። ያቺ ደንዳና ነገ ልትደልቅሽ ነው።»

«እኔ የተፈጠርኩት ለመመታት ነው» አለች ጥንጓ። «ማንም ቢመታኝ ያመኛል።»

«በእኔና በእሷ መሀል ልዩነት የለም?»

«አለ እንጂ። አንተ መሀል ለመሀል ስታገኘኝ መመታቴንም አላውቀው፤ እንደ ወፍ ነው የምበረው። መሀሌን የሳትክ ቀን ግን እሾህ ውስጥ ነው የምትጥለኝ።»

ምላጭ የመጀመሪያውን ብቻ ሰማ። ቀናተኛ ጆሮ እንደ ወንፊት ነው፣ የሚፈልገውን ያስቀራል። «እንግዲያው እንደ ወፍ ስለማበርርሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ» አላት። «ነገ ልትመታሽ ስትል ፈቀቅ በይባት። መሀሏን አትስጫት።»

ጥንጓ ጨዋታ ትወዳለች። «እሺ፣ ልሞክራት» አለች።

በማግሥቱ አያ ገመሬ እጁን ሊያፍታታ ወደ ሜዳው ወጣ። ሁለቱንም ዱላዎች ይዞ ነበር። ምላጭን ከአንድ ድንጋይ አስደግፎ ደፍጣጢትን አነሳ። ወነጨፈ። ጥንጓ ወደ ዱላዋ ጫፍ ፈቀቅ አለች፤ ደፍጣጢት በጫፏ አገኘቻት፣ ጥንጓም ሄደች። ዳግመኛ ወነጨፈ። ጥንጓ ወደ ዱላዋ አንገት ፈቀቅ አለች፤ በአንገቷ ሥር አገኘቻት፣ ጥንጓም ሄደች። ሦስተኛም ወነጨፈ። ጥንጓ ሣሩ ውስጥ ዝቅ ብላ ተደበቀች፤ ደፍጣጢት ሣሩን ጠርጋ ደረሰችባት፣ ጥንጓም ሄደች። እንደ ወፍ አልበረረችም፣ እንደ ዶሮ ነው የሄደችው፤ ግን ሄደች።

ወደ ዋሻው ሲመለሱ ምላጭ በንዴት ጠየቃት። «ምነው? ፈቀቅ በይባት አላልኩሽም?»

«ፈቀቅ አልኩባት» አለች ጥንጓ ከስልቻዋ። «ወዴት ልሂድላት? በሄድኩበት አለች። ክብደቷን መሀሏ ላይ አልከመረችውም፣ ዳር ዳሯ ላይ ነው የያዘችው። ስለዚህ ዳሯን ብነካትም አትጠመዘዝም። አንተን ዳርህን ስነካህ ግን እጅ ውስጥ ትዞራለህ።»

«ወደድሻት በይኝ እንጂ።»

«የጠየቅከኝን ነው የመለስኩልህ። ካልወደድከው አትጠይቀኝ» አለችና ስልቻዋ ውስጥ ተንከባላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ምላጭ የዚያን ዕለት እህል ቢበላ ኖሮ አይበላም ነበር። አያ ገመሬ ደግሞ፣ አሁንም ሳያስበው፣ ደፍጣጢትን ቅቤ ሲቀባ «ጎሽ ልጄ» አላት። «ልጄ» የሚለውን ቃል ምላጭ እስከዚያ ቀን ለራሱ ብቻ የተሠራ ይመስለው ነበር።

በሚቀጥለው ልምምድ እንደ ልማዱ ከድንጋዩ ተደግፎ ሳለ ምላጭ ቁልቁል ሜዳውን አየው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ውኃ የማያጣው፣ ሣሩ የለመለመ ጨፌ ነው። ወደ ታችኞቹ ድንበር ሲደርሱ ግን አፈሩ ያልቅና ጭንጫ ይሆናል፣ ደረቅ ድንጋይ። ምላጭ ጨፌ ጨፌውን እያየ እንዲህ አለ።

«አያ ሜዳ፣ አንተ እኔን ብዙ ጊዜ ነክሰኸኛል። ቂም አልያዝኩብህም። አሁን ግን እሷ ስትመጣ ንከሳት። አጥብቀህ ንከሳት።»

ሜዳው ሰነፍ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «እነክሳለሁ» አለ። «ለማንም አላዳላም።»

አያ ገመሬ ወነጨፈ። እጁ ተንቀጠቀጠችና ደፍጣጢት ከጥንጓ በፊት መሬት ደረሰች። ሜዳው አፉን ከፈተ። ክቡ ሆዷ ግን በአፉ ላይ ተንሸራቶ አለፈ፣ ጥንጓም ሄደች። ዳግመኛም እንዲሁ። ሦስተኛውንማ አያ ገመሬ ጭራሽ አጓጉል ነው የመታው፤ እኔም ብሆን አፍር ነበር። ደፍጣጢት ተንሸራታ አለፈች።

«ምነው አያ ሜዳ?» አለ ምላጭ።

«ምን ልንከስ?» አለ ሜዳው። «እኔ የምነክሰው ጠርዝ ነው። አንተ ስትመጣ በጠርዝህ ትመጣለህ፣ ይዤ አስቀርሃለሁ። እሷ በሆዷ ነው የምትመጣው። ሆድ አይነከስም። ከፈለግክ ወደ ታች ሂድና ጭንጫዬን ጠይቀው። እዚያ ሆዷ ድንጋይ ሲነካ ትነጥራለች፣ ከጥንጓ አናት በላይ ታልፋለች። እዚያ እንደ አንተ ያለ ስስ ነው የሚያስፈልገው። ለየቦታው የየራሱ አለው።»

ሰማችሁ አይደል? እናንተ ሰማችሁ። ምላጭ የሰማው «ሆድ አይነከስም» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅናቱ ሸፈነበት። ሜዳው አፍ አውጥቶ ቦታውን ሲያሳየው እሱ ራስጌውን እያሰበ ነበር።

እንግዲህ ጥንግም አልሆነች፣ ሜዳም አልሆነ። የቀረችው እመት ጦጣ ናት።

እመት ጦጣ ከላይኞቹም ከታችኞቹም አይደለችም። ያሸነፈ ካለበት ትገኛለች፣ የበሰለ ካለበት ትገኛለች። ግጥም ስትገጥም ግን አቻ የላትም፤ የዚያ ገደል ሰው ከነብር ይልቅ የሚፈራው የእሷን ምላስ ነው። የገና ዋዜማ፣ ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ከዋሻው ደጃፍ መጥታ ገብስ ስትለቅም ምላጭ ጠራት።

«እመት ጦጣ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ደህና። አንተ ምነው ከግርጌ? ሞተሃል ብዬ አልቅሼልህ ነበር እኮ።»

ይህ ነገር ምላጭን እንደ ጦር ወጋው፤ ግን ዋጠው። «እኔን ተዪኝ። ራስጌ ያለችውን አየሻት?»

እመት ጦጣ አንገቷን አስግጋ አየች። አይታም ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይህቺ ምንድን ናት? ገንፎ ሊያገነፋ ነው?»

«ነገ በዚህች ነው የሚጫወተው። የታችኞቹ ሲያዩት ምን እንደሚሉ ቀድመሽ ብትነግሪው ለእሱም ደግ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ አይዋረድ ብዬ ነው።»

«አይዋረድ ብለህ» አለች እመት ጦጣ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ እያየችው። ጦጣ ቅናትን ከሩቅ ታሸታለች። «ለእኔማ ግጥም ከተገኘ ማን እንደቀና፣ በማን እንደቀና ምን ቸገረኝ።»

ሰዓቱም የላይኞቹ ሁሉ በፀሐይ ተሰብስበው ቅማል የሚለቃቀሙበት ነበር። እመት ጦጣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጣችና ድምፅዋን አሳምራ እንዲህ አለች፦

አያ ገመሬማ እጁ ቢዝልበት፣
ገንፎ ማማሰያ ይዞ ወጣ ከቤት።

የላይኞቹ ሳቁ። ትልቁም ትንሹም ሳቀ፤ የገዛ ሚስቱ እንኳ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ። አያ ገመሬም በወጉ መሠረት አልተቆጣም። አብሮ ሳቀ። ግን ከዋሻው ሲገባ ሳቁ ደጅ ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ ገና ሆነ። አያ ገመሬ ማልዶ ተነሳ። እጁን ወደ ራስጌ ዘረጋ። ደፍጣጢትን ሊያወርድ ሲል እጁ ቆመች። «ገንፎ ማማሰያ» አለ ለራሱ። እጁን ሰበሰበና ወደ ግርጌ ሄዶ ምላጭን አነሳ።

ምላጭ የዚያን ጊዜ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከዋሻው ሲወጣ ቀና ብሎ ደፍጣጢትን አያት። «ደህና ዋይ» አላት።

«በደህና ይመለሱ ጋሼ» አለችው። ከልቧ ነው ያለችው፤ እሱን ያናደደውም ይኸው ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። አያ ገመሬ ገና እጁ አልደከመም ነበርና የመጀመሪያዋን ምት መሀል ለመሀል አገኛት። ጥንጓ ሽው አለች። እልልታው ገደሉን ሞላው። «የወይራው ልጅ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ምላጭ ያንን ሲሰማ ከራሱ ጋር ታረቀ፤ አሁን ራስጌው የእኔ ነው አለ።

ሁለተኛዋ ምት በትንሹ ዳር ነካች። ምላጭ እጅ ውስጥ ዞረ፣ ጥንጓ ወደ እሾሁ ሄደች፣ በመከራ አወጧት።

ሦስተኛዋ መጣች። ጨፌው መሀል ነው። የታችኞቹ አለቃ እየሮጠ ይመጣል፣ አያ ገመሬ ቸኮለ፣ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሰብስቦ ወነጨፈ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ምላጭ ከጥንጓ በፊት መሬት ደረሰ፤ በጠርዙ ነው የደረሰው። ሜዳው አፉን ከፍቶ እስከ አንገቱ ዋጠው። አያ ገመሬ ግን ገና እየወነጨፈ ነው። ቀጭ አለ። እጀታው ከአያ ገመሬ እጅ ቀረ፣ ራሱ ከመሬት ውስጥ ቀረ።

«ምነው አያ ሜዳ?» አለ ምላጭ፣ አፉ አፈር ሞልቶ።

«ንከስ ያልከኝ አንተ ነህ» አለ ሜዳው። «ለማንም አላዳላም ብዬህ ነበር።»

አያ ገመሬ ቁራጮቹን ሰብስቦ ከዳር ጣላቸውና እየሮጠ ወደ ዋሻው ገባ። ደፍጣጢትን ይዞ ወጣ። ማንም «ገንፎ» ብሎ ለመሳቅ ጊዜ አላገኘም። ሽማግሌው በጫፏም በአንገቷም፣ ከመሬት በፊትም ከመሬት በኋላም መታባት፤ ደፍጣጢት የእጁን ስህተት ሁሉ እየቻለች ጥንጓን ወደፊት ወሰደቻት። ጨፌውን አቋረጡት። የታችኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ምላጭ ከዳር ተሰብሮ ተጋድሞ ያይ ነበር፤ እያየም ይህን ያህል ዘመን አብሮት ሲጫወት የአያ ገመሬ እጅ ምን ያህል እንደተንቀጠቀጠ ገና ዛሬ ተገለጠለት።

ጥንጓ ጭንጫው ላይ ደረሰች። ድንበሩ እዚያው ነው፤ አንዲት ምት ነው የቀረው። አያ ገመሬ ቆመ። ዞር ብሎ ወደ ዳር ተመለከተ፣ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። ምላጭ ዓይኑን አየው። የሚፈልገው እሱን ነበር።

የሚፈልገው ግን ተሰብሯል። አያ ገመሬ በደፍጣጢት ወነጨፈ። ክቡ ሆዷ ደረቁን ድንጋይ ሲነካ ነጠረችና የጥንጓን አናት ብቻ ገጨች። ጥንጓ ትንሽ ተንከባለለች። ከድንበሩ ሳትደርስ ቆመች። የታችኞቹ አለቃ ደረሰባትና መልሶ ላካት፤ ያኔ የላይኞቹ ሁሉ ወደፊት ወጥተው ነበርና የሚመልሳት አልተገኘም።

የታችኞቹ አሸነፉ። እመት ጦጣም በማን በኩል እንደተገኘች አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ስትል ነበር፦

የምላጭን ነገር ሜዳው ይናገራል፣
ራሱን ቀብሮ እጀታው ይኖራል።

አያ ገመሬ አልተቆጣም። ቁራጮቹን በብብቱ ይዞ ቤቱ ገባ። ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ምላጭ እሳቱን ሲያይ የማለውን መሐላ አስታወሰ፤ አሁን ይከተኛል አለ።

አያ ገመሬ ግን እጀታውን በእጁ እያገላበጠ፣ «አንተ ልጅ» አለው። «ለጨፌው እሷን፣ ለጭንጫው አንተን ብዬ ነበር። አንተን ከድንበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ አስደግፌህ፣ የመጨረሻዋን ምት በአንተ ላሳልፋት። ሁለታችሁንም ይዤ ልምምድ ስወጣ የከረምኩት ለምን መሰለህ? ኋላ ግን ጦጣ ገጠመችብኝና ሁሉም ጠፋኝ። በአንዲት ግጥም አፍሬ እሷን ቤት ጥዬ ወጣሁ።»

ምላጭ ጦጣን ማን እንዳናገራት ሊናገር አልቻለም። ሲቆይ ግን አንድ ነገር አላስችል አለው።

«ታዲያ ለምን ከራስጌ አወረድከኝ?»

አያ ገመሬ ግራ ገብቶት አየው። «ጭስ ነዋ። ራስጌው ለምድጃው ቅርብ ነው። አዲስ ዱላ ጭስ ካልጠገበ ይሰነጠቃል። አንተንስ አዲስ ሳለህ እዚያው አልሰቀልኩህም? ከዚያ ወዲያ ማውረዱን ረስቼው ኖርክ። አንተ ከጠገብክ ስንት ዘመንህ፤ ግርጌ ያወረድኩህ ከጭሱ እንድታርፍ ነው።»

የሚያስለቅስ ነገር ይህ ነው። ምላጭ ክብር ብሎ የተጣላበት ቦታ የጭስ ቦታ ነበር። የእሱ ቦታ ጭንጫው ላይ፣ የመጨረሻዋ ምት ላይ፣ ማንም ሳይነካበት ተቀምጦለት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱ ግን የብብቱን ይኑረው አይኑረው እንኳ አላየም።

በዚያው ሰሞን የራስጌው አሮጌ ችካል፣ ሲያቃስት ሰሚ ያጣው፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተሰብሮ ወደቀ። ደፍጣጢትም አብራ ወደቀች። አያ ገመሬ ዋሻውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ጥሩ ወይራ ፈለገ፣ የምላጭን እጀታ አገኘ። አንድ ክንድ ያህል ቆረጠለት፣ ጫፉን አሾለው፣ ከራስጌው ስንጥቅ ውስጥ በድንጋይ መትቶ አስገባው። አጥብቆ ነው ያስገባው፤ ደግሞም በላዩ ደፍጣጢትን ሰቀለ።

እንዲህ ሆኖ ምላጭ ወደ ራስጌ ተመለሰ። መሐላው ደረሰለት።

ደፍጣጢት ተንጠለጠለችበት። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ከበድኩዎት?» አለችው።

«ደፍጣጢት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥንጓን፣ ሜዳውን፣ ጦጣን…»

«ጥንጓ አፏ አያርፍም፤ ሁሉን ነግራኛለች።»

«ታዲያ አልተቆጣሽም?»

«የአያ ገመሬን እጅ ስህተት ቀኑን ሙሉ ስሸከም እውላለሁ» አለች። «የእርስዎን አንዱን ብጨምር ምን እሆናለሁ? ግን በጭንጫው ላይ፣ ያቺን ምት ስስታት፣ እርስዎ ቢኖሩ ብዬ አልቅሻለሁ። ከእኔ ሌላ ማን እንዳለቀሰ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ምላጭ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላውን ክብደት በትከሻው ላይ አወቀው። ከባድ ነበረች። እንደ አሮጌው ችካል ግን አላቃሰተም።

ከዚያ ወዲህ በየገናው አያ ገመሬ መጥቶ ደፍጣጢትን ያወርዳታል፤ ይዟት ወደ ሜዳ ይወጣል። ምላጭ ከግድግዳው አይነቀልም። እልልታውን ከሩቅ ይሰማል። ጭንጫው ላይ ሲደርሱ እልልታው ይቆማል፤ ለምን እንደሚቆም ከዋሻው ሆኖም ያውቃል፤ እዚያ የጎደለው እሱ ነው። ከዚያ የሚመለሱ እግሮችን ድምፅ ይጠብቃል፣ ክብደቷም መጥቶ ሲያርፍበት፣ ደህና ገብታለች ይላል።

ቀናተኛ የሰውን ቦታ ሲለካ የራሱ ያመልጠዋል። እኔም ተረቴን ከምላጭ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የፈለገ ያውርደው፣ ሲጨርስ ግን ወደ ቦታው ይመልሰው።